ገመድ በጥሶ የጠፋ በግ እንዴት ይያዛል? ከተያዘስ የማን ነው?

በዓል ሲደርስ እኛ ሰፈር ሁለት ዓይነት ሰው አለ። በግ ያሰረና በግ የሚያሳድድ። የምንኖረው ከካራ ገበያ ከፍ ብሎ፣ የካ ተራራ ሥር ነው። በደብረ ብርሃን መንገድ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው የመንዝ በግ እኛው አፍንጫ ሥር ይራገፋል። የሚያመልጠውም እዚሁ ነው።

እኔም አሳድጃለሁ። የዛሬ አራት ዓመት፣ ቅዳሜ ሹር ከሰዓት፣ የገዛሁትን ቀንዳም በግ ከባጃጅ ሳወርድ ገመዱን ከእጄ ነጥቆኝ ሄደ። ስምንት ወንዶች ሆነን ሮጥን። አንዱ በድንጋይ፣ አንዱ በዱላ፣ አንዱ በጩኸት። ሦስት ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሲያለከልክ ተያዘ። ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አረድነው። ሥጋው ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ጎማ ሆኖ ወጣ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "ያ ሯጩ" ትለዋለች።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሦስት በጎች ይዣለሁ። ሁለቱ የጎረቤት ናቸው። አንዱ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ነበር፤ እሱ ላይ ቆየት ብዬ እመጣለሁ። በአንዱም አልሮጥኩም። የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቁሙ

በግ ሲያመልጥ የመጀመሪያው ሥራ ቆሞ ማየት ነው። ከባድ ነው፤ ገንዘባችሁ እየሄደ ነውና። ግን ቁሙ።

በግ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ከጭራው ጀርባ ካለች ጠባብ ቦታ በቀር ዙሪያውን ያያል። "ተደብቄ ልጠጋው" የሚል ሰው የሚያታልለው ራሱን ነው። ደግሞ እያንዳንዱ በግ የራሱ ወሰን አለው። ከወሰኑ ውጭ ስትቆሙ ቀና ብሎ ያያችኋል፣ ተመልሶ ይግጣል። ወሰኑን ስትረግጡ ዞር ብሎ ይራመዳል። ዘላችሁ ስትገቡበት ይፈረጥጣል። ቤት ያደገ ጠቦት ወሰኑ ሁለት ሦስት እርምጃ ነው። ሰው ሲጎትተው፣ ሲያገላብጠው፣ ላቱን ሲጨምቀው የዋለ የገበያ በግ ግን ከሃያ ሜትር ጀምሮ ይበረግጋል። አይፈረድበትም።

ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ከፍ ካለ ቦታ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ይከተለው። አለመጮህ፣ ድንጋይ አለመወርወር፣ ውሻ አለመልቀቅ። ሌላው ሰው ዕቃ ለማምጣት ይሂድ። የሰፈሩን ልጆች ደግሞ ብስኩት ገዝታችሁም ቢሆን ወደ ቤት መልሷቸው። በግ ከማያዝባቸው ምክንያቶች ዋናው ልጆች ናቸው።

ከዓይን ከጠፋ የት ይፈለጋል?

ሰው ሁሉ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ ሥር ግን ይሄ ነው የሚባል ሣር የለም። በጉ ሲደነግጥ ይገባበታል፣ ሲርበው ይወጣል። ጫፍ ጫፉን እዩ። የውሃ መውረጃውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ዙሪያ እዩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታጥሮ ቤት ያልተሠራበትን መሬት። እኛ አካባቢ በቆርቆሮ ታጥሮ ዓመታት የተቀመጠ ቦታ ሞልቷል፤ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። አጥሩ የሆነ ቦታ መቀደዱ ደግሞ አይቀርም። ጎረቤቴ ሁለት ቀን ተራራ የወጣችለት ሙክት ከቤቷ ሦስተኛው አጥር ውስጥ ተኝቶ ሲያመሰኳ ነው የተገኘው።

የደነገጠ በግ ሽቅብ መሄድ ይወዳል። ሲረጋጋ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሌላ በግ። ስለዚህ እረኞቹን ጠይቁ። እኔ ሯጩን ሳሳድድ አንድ የአሥር ዓመት ልጅ መንገድ ዳር ቆሞ ያየኝ ነበር። "ጋሼ፣ አያባርሩት" አለኝ። "ማታ ከኛዎቹ ጋር ይገባል።" ሰማሁት? አልሰማሁትም። ስምንት ትልልቅ ሰዎች ነበርን፣ እሱ ደግሞ አንድ ልጅ።

በግን በበግ መያዝ

ዋናው ዘዴ ይሄ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ለማዳ በግ ተዋሱ። ሴት በግ ብትሆን ይመረጣል፤ ጠቦት ያላት ከሆነች ደግሞ ትጮሃለች፣ ድምፅዋ ይጣራል። ገንዘብ ከተጠየቃችሁ ክፈሉ፤ ከጠፋው በግ ይረክሳል። እነዚህን በጎች የጠፋው በሚያያቸው ቦታ እሰሩና ዘወር በሉ። ፉርሽካ በሳፋ አቅርቡላቸው፣ በላዩ ትንሽ የተፈጨ አሞሌ ጣል አድርጉበት። ፋጉሎ ካገኛችሁ የተሻለ። የመንዝ በግ በገብስ ቃርሚያና በሣር ነው ያደገው፤ ፉርሽካውን ላያውቀው ይችላል። ሌሎቹ ሲበሉ ሲያይ ግን ይማራል።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንዳንዱ በሃያ ደቂቃ ይቀላቀላል። አንዳንዱ ያመሻል።

ሲቀላቀል አሁንም አትዝለሉበት! ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የተዋሳችኋቸውን በጎች ፈትታችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ግቢ ምሯቸው፤ እሱ መሐላቸው ሆኖ ይገባል። መንገዱን አስቀድማችሁ ማጥበብ አለባችሁ። ከበሩ ግራና ቀኝ ገመድ ወጥሩና ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ጎን ለጎን አንጠልጥሉበት። ከሩቅ ሰፊ፣ ወደ በሩ ሲጠጋ ጠባብ ይሁን። ጆንያው ምንም ጉልበት የለውም፤ በግ ግን አሻግሮ የማያየውን ነገር እንደ ግድግዳ ነው የሚቆጥረው። የሽቦ አጥርን ግን አሻግሮ ስለሚያይ ዘሎ ይሰነቀርበታል። ሽቦ ካለ ጆንያ አልብሱት።

ስትነዱ አቋቋማችሁን እወቁ። ከትከሻው ኋላ ሆናችሁ ስትጠጉት ወደ ፊት ይሄዳል። ከትከሻው ፊት ስትሆኑ ይቆማል ወይም ይመለሳል። ቀጥ ብላችሁ ከጭራው ጀርባ አትሁኑ፤ ስለማያያችሁ ዞሮ ሊፈልጋችሁ ይሞክራል። ሁለት ሰው በቂ ነው። ዱላውን ለእጃችሁ ማስረዘሚያ ዘርጉት እንጂ አታንሱት።

እጅ ላይ ሲገባ

በጠባብ ቦታ አንድ እጅ ከአገጩ በታች፣ ሌላው እጅ ከኋላ ቂጡ ላይ። ጭንቅላቱን ቀና ስታደርጉት ጉልበቱ ያልቃል። በፀጉሩ አትያዙ። ፀጉር ሲጎተት ከቆዳው ሥር ደም ይቋጥራል፤ ሥጋውም ቆዳውም ይበላሻል። በአንድ ቀንድ አንጠልጥሎ መጎተትም እንዲሁ፤ ቀንድ ይነቀላል። አንገቱ ላይ የሚያጠብቅ ቋጠሮ አትሥሩ። አራት እግሩን ጠፍሮ በጀርባው ማቆየት ደግሞ ጨርሶ አይሁን። በግ በጀርባው ሲተኛ የሆዱ ጋዝ መውጫ ያጣል፤ ተነፍቶ ይሞታል።

ከመሸስ?

ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ ጅብ ባለ ተራ ነው። በባትሪ ተራራ ላይ መዞር በጉን ያርቀዋል እንጂ አያቀርበውም። ለማዳዎቹን በጎች ግቢ ውስጥ በሩ አጠገብ እሰሩ፣ መብራት አብሩ፣ በሩን ክፍት ተዉት፣ ሰው ይጠብቅ። ለአካባቢው ዘበኞች ስልካችሁን ስጡ። ዘበኛ ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የሚያይ ሰው ነው፤ የሻይ ብትሉት ደግሞ የበለጠ ያያል።

የራሳችሁ ከሆነ ቶሎ አትረዱት

ሯጩ በግ ለምን ጠቆረ? በጡንቻ ውስጥ የሚጠራቀም ስኳር አለ። ከዕርድ በኋላ ይሄ ስኳር ወደ አሲድ ይለወጣል፤ ሥጋውን የሚያለሰልሰው፣ ቀለሙን የሚያሳምረው፣ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያደርገው እሱ ነው። ሲሮጥ የዋለ በግ ስኳሩን ጨርሶታል። አሲድ የለም። ሥጋው ጠቁሮ፣ ደርቆ፣ ቶሎ ይሸታል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ቀን፣ ቢቻል ሁለት ቀን ከሌላ በግ ጋር አሳርፉት። ውሃ አይለየው። መኖ የሚከለከለው ከዕርዱ በፊት አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ሲቀር ነው፤ ውሃ ግን እስከ መጨረሻው።

ሁለት ነገር ካያችሁ ደግሞ ቢላዋውን አስቀምጡ። ውሻ ነክሶት ከሆነ አትረዱት፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም፤ ምራቁንም አትንኩ። ሁለተኛው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እየዞረ የሚሄድ በግ ነው። ገበሬው አዙሪት ይለዋል። ከውሻ የሚመጣ ትል አንጎሉ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ ነው። የእንዲህ ያለ በግ ጭንቅላት ለውሻ ከተጣለ ትሉ ተመልሶ ውሻው ሆድ ይገባል፣ ከዚያ ሣሩ ላይ፣ ከዚያ ሌላ በግ ውስጥ። ጭንቅላቱን አቃጥሉት ወይም ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

"አድነን እንብላው"

አሁን ወደዚያ ባለቤቱ ወዳልታወቀው በግ።

አምና ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀንዳም ወጠጤ ተራራው ላይ ታየ። ቀይ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የተጠማዘዘ፣ አንገቱ ላይ የተበጠሰ የናይለን ገመድ ያለበት። ሦስት ሳምንት ኖረ። ቀን ባሕር ዛፉ ዳር ይግጣል፣ ሌሊት የውሃ ታንከሩ ዘበኛ አጥር ጥግ ይተኛል። ጅብም አልበላው። እያደር ሰው አላስጠጋ አለ። ፀጉሩ ጭቃና እሾህ ለብሶ፣ አንገቱ ወፍሮ፣ ቀና ብሎ ሲያይ እውነትም የዱር አውሬ መሰለ።

የሰፈሩ ልጆች ስም አወጡለት። "ዋልያው" አሉት። ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፈረንጆች ተራራ ላይ በግ በጠመንጃ ሲጥሉና ቀንዱን ይዘው ፎቶ ሲነሱ አሳየን። "እኛስ? ባለቤት የለው። አድነን እንብላው፣ ቀንዱን ግሮሰሪው በር ላይ እንሰቅለዋለን" አለ። ሐሳቡ ሲያስቀን ቆየና ሳናውቀው ዕቅድ ሆነ። አንድ ሰው የአጎቱን ጠመንጃ አነሣ። ሌላው ወጥመድ።

እዚህ ላይ ነው የተጣላነው።

ፈረንጆቹ ያንን የሚያደርጉበት ምክንያት አላቸው። ሃዋይን ውሰዱ። ደሴቶቹ ላይ በግ አልነበረም። በ1793 እ.ኤ.አ. ቫንኩቨር የሚባል የእንግሊዝ መርከበኛ ከብትና በግ አመጣ። በጎች ማውና ኬያ ተራራ ላይ አመለጡ፣ በዙ፣ ባለቤት አልባ መንጋ ሆኑ። ማማኔ የሚባለውን ዛፍ ችግኙን እየጋጡ ሲጨርሱት፣ በዚያ ዛፍ የምትኖረው ፓሊላ የምትባል ወፍ ልትጠፋ ደረሰች። በ1979 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት በጎቹና ፍየሎቹ ከተራራው እንዲወገዱ አዘዘ። እዚያ በግ ማደን ተራራ ማዳን ነው ቢባል ያስኬዳል። እዚያም ቢሆን አዳኞቹ ይከራከራሉ። በአጥር ተከልሎ፣ በሳፋ እየበላ ያደገን በግ ገድሎ ቀንዱን ሳሎን መስቀል ምን ያኮራል? ማምለጥ የሚችል፣ ሜዳው የሰፋለት እንስሳ መሆን አለበት ይላሉ።

ይሄ ክርክር ለእኛ አዲስ አይደለም። አያቶቻችን ግዳይ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የጣለ ይፎክራል፣ ይሾማል፣ ይሸለማል። ክብሩ አውሬው መልሶ ሊገድለው ስለሚችል ነው። የታሰረ በግ አርዶ የፎከረ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ፤ ሰክሮ ነበር።

የእኛ "ዋልያ" ደግሞ ዱር አደረ እንጂ የዱር አልነበረም። አገራችን የዱር በግ የላትም። እውነተኛው ዋልያ ከፍየል ወገን ነው፤ ያለውም ሰሜን ተራሮች ላይ ነው፤ አይታደንም። ባሌና አርሲ ላይ የደጋ አጋዘን በፈቃድና በኮታ፣ ከፍ ያለ ገንዘብ በሚከፍሉ አዳኞች ይታደናል። እሱም በተከለለ ቦታና በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ቁጥጥር ነው። በጎረምሳ ውሳኔ አይደለም።

ስለ ጠመንጃውና ወጥመዱ ባጭሩ ልበል። ጠመንጃ በፈቃድ የሚያዝ ነገር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ሰው በተጠጋጋበት ተራራ ላይ የተሳተ ጥይት ደግሞ የሰው ቤት ቆርቆሮ ለመብሳት ፈቃድ አይጠይቅም። እንጨት ለቃሚ እናቶች በዚያ ጫካ ውስጥ ይመላለሳሉ። የሽቦ ወጥመድ ደግሞ በግና ድኩላ አይለይም። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጥቁር ቡናማ ድኩላ በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ጫካዎች፣ በመናገሻ ሱባም ጭምር፣ ዛሬም አለ። በበግ ሰበብ እሱን ማነቅ ወንጀልም ነውርም ነው። የእረኛ ልጅ እግርም ሊገባበት ይችላል።

ግን እኔን ያስቆመኝ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የናይለኑ ገመድ ነው። አንድ ሰው ቋጥሮታል።

የማን እንደሆነ መፈለግ

ወጠጤውን የያዝነው ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ ነው። የእረኛውን ልጅ ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ከዚያ በጎቹን ተከራየሁት። አራት ቀን ፈጀ። ሦስቱን ቀን ከሩቅ ቆሞ አየን። በአራተኛው ማታ፣ ካፊያ ሲጥል፣ ከሴቶቹ ኋላ ተከትሎ ገባ። በሩን የዘጋው ልጁ ነው።

ያገኘ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ምልክቱን መዝግቡ፤ ቀለም፣ ቀንድ፣ ጆሮ ላይ ያለ ቁራጭ፣ ነጋዴ የቀባው ቀለም ካለ። ፎቶ አንሱ። የተበጠሰውን ገመድ አትጣሉት። ከዚያ ለወረዳው ወይም ለፖሊስ አሳውቁና የመዘገበውን ሰው ስም ያዙ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ተገኘ ንብረት የሚናገረው አለ፤ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት። ዝም ብሎ ያሰረ ሰው ነገ ሌባ ቢባል መልስ የለውም። ሦስተኛ፣ ለእድሩ ለፋፊ፣ ለደብሩና ለመስጊዱ ንገሩ። የካራ ነጋዴዎችንም ጠይቁ፤ የሸጡትን በግ ያስታውሳሉ።

የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለጥፉ አንድ ምልክት ደብቁ። እኛ የግራ ጆሮውን አላሳየንም። በሁለት ቀን አምስት "ባለቤት" መጣ። አንዱ በጉ ነጭ ነው ብሎ ተከራከረ።

ለሚበላው የምታወጡትን ወጪ ጻፉ። ባለቤቱ ሲመጣ ያንን መጠየቅ ነውር አይደለም። ወረታ መቀበልም የቆየ ወግ ነው።

በዚያ ሰሞን ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶቼ ግቢዬ ድረስ መጥተው በጉን አዩት። አንደኛው ቄስ ናቸው። "የወንድምህ በግ ጠፍቶ ብታይ ቸል አትበል፣ ወንድምህን ባታውቀው እስኪፈልገው ቤትህ ይቆይ ይላል ኦሪት" አሉኝ። ሐጂ ደግሞ ፈገግ ብለው፣ "እኛ ዘንድ ነቢዩ ስለጠፋ በግ ተጠይቀው፣ ወይ ያንተ ነው፣ ወይ የወንድምህ፣ ወይ የተኩላ ነው ብለዋል" አሉ። ቄሱ ትንሽ አሰቡና፣ "የእኛ ሰፈሩ ተኩላ እንኳን ባለ ጠመንጃው ልጅ ነው" አሉ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከለገጣፎ ማዶ አንድ አባት መጡ። ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ያሰሩት ነበር። በጉን ገና ሳያዩ፣ በሩ ላይ ቆመው፣ "ግራ ጆሮው ግርጌው ላይ ቁራጭ አለው፤ ጠቦት እያለ ውሻ ነክሶት ነው" አሉ። ከዚያ በከንፈራቸው አንድ ድምፅ አሰሙ። ያ ሦስት ሳምንት ሰው ያላስጠጋ አውሬ ከጓሮ ሮጦ መጣ።

የፉርሽካውን ከፈሉኝ። ወረታውን ለእረኛው ልጅ ስጡልኝ አልኳቸው። ለፋሲካ አንድ ወርች በፌስታል ላኩልን፤ ከሌላ በግ ነው፣ ወጠጤውን ለዘር አስቀርተውታል። ባለቤቴ ሥጋውን ገልጣ አየችና መጀመሪያ የጠየቀችኝ "ሮጧል?" ብላ ነው።